ለቴኑር የሚዘጋጅ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ምርምር፦ የትኛው ድጋፍ መቼ ይቅደም?

በአሜሪካና በካናዳ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የቴኑር መንገድ የጀመረ፣ ማለትም ቋሚ የአካዳሚክ ቅጥር ዋስትና ለማግኘት በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ እንደ ማንኛውም የትምህርት ክፍል መምህር ምርምር አድርጎ እንዲያሳትም ይጠበቅበታል። የሚሠራበት ሁኔታ ግን የመምህሩን አይመስልም። መምህሩ በአብዛኛው በዘጠኝ ወር ውል ስለሚቀጠር በጋውን፣ ማለትም ትምህርት የማይሰጥባቸውን ወራት፣ ለጽሑፍ ያውላል፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ግን 12ቱንም ወር፣ በሳምንት ወደ 40 ሰዓት በሥራ ገበታው ላይ ነው፤ የማጣቀሻ ጠረጴዛው፣ የመረጃ አጠቃቀም ትምህርቱ፣ የክምችት ግዥውና የካታሎግ ሥራው የእርሱን እጅ ይጠብቃሉ። ይህ መመሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ባለሙያ ድጋፍ ለመስጠት ለሚያስቡ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎችና የቴኑር ኮሚቴ አባላት፣ እንዲሁም ድጋፉን ራሳቸው መጠየቅ ለሚገባቸው ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። ገንዘቡም የሰው ኃይሉም ለሁሉም ስለማይበቃ፣ ከጊዜ፣ ከገንዘብ፣ ከሥልጠና፣ ከአማካሪና ከጽሑፍ ቡድን የትኛው ለየትኛው ሰው በየትኛው ዓመት ይቅደም የሚለውን መወሰን ግድ ይሆናል።

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። የቴኑር ዶሴዎችን በኮሚቴ ተቀምጬ ባነበብኩባቸው ዓመታት የተረዳሁት፣ የባለሙያውን ሥራ በስም የተረከበ ሰው ያለበት የምርምር ጊዜ ከሌሎቹ ድጋፎች ሁሉ እንደሚቀድም ነው። ይህ ሳይኖር የተሰጠ ገንዘብ ሳይወጣ ይመለሳል፣ የተወሰደ ሥልጠናም ሳይሠራበት ይረሳል።

በመጀመሪያ የቅጥሩን ዓይነት ማረጋገጥ

የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር ከኮሌጆች ማኅበር ጋር እ.ኤ.አ. በ1940 ያወጣው የአካዳሚክ ነፃነትና የቴኑር መርሆች መግለጫ፣ የሙከራ ጊዜው ከሰባት ዓመት መብለጥ እንደሌለበት ይደነግጋል። የኮሌጅና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ደግሞ በ1971 የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የመምህርነት ማዕረግ እንዲያገኙ የሚጠይቅ መለኪያ አጽድቋል። ይሁን እንጂ አሠራሩ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የአካዳሚክ ሠራተኞች ቢሆኑም የመምህርነት ማዕረግም ሆነ ቴኑር የላቸውም፤ ከግምገማ በኋላ የሚያገኙት የቅጥር ዋስትና የራሱ ስምና ሥርዓት አለው። በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ በ2022 በተደረገው የመዋቅር ለውጥ፣ ቴኑራቸውን ለመያዝ የፈለጉ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ወደ ሌላ የትምህርት ክፍል መዛወር ነበረባቸው። ስለዚህ አንድ ኃላፊ የሌላ ዩኒቨርሲቲን የድጋፍ ፕሮግራም ወስዶ ከመተግበሩ በፊት፣ ያ ፕሮግራም ለየትኛው ዓይነት ቅጥር እንደተሠራ መጠየቅ ይኖርበታል። ጽሑፍ ግዴታ ያልሆነበት ቦታ የተቀረጸ የማበረታቻ ፕሮግራም፣ ባያሳትም ከሥራ ለሚሰናበት ሰው አይበቃም።

ከዚህ ጋር መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሙያው የመጨረሻ ዲግሪ ተደርጎ የሚታወቀው በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ዕውቅና ካገኘ ፕሮግራም የተገኘ የማስተርስ ዲግሪ ነው። የትምህርት ክፍል መምህር ለዓመታት በአማካሪ ሥር ሆኖ የዶክትሬት ጥናቱን ከጨረሰ በኋላ ነው ወደ ቴኑር መንገድ የሚገባው፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ግን ብዙ ጊዜ አንድ የምርምር ዘዴ ኮርስ ብቻ ወስዶ፣ አንዳንዴም ያንን እንኳ ሳይወስድ ይገባል። ይህን ልዩነት ከሰነፍነት ጋር የሚያያይዙ ኮሚቴዎች አሉ፤ ትልቅ በደል ነው እላለሁ።

ከውሳኔው ቀን ወደ ኋላ መቁጠር

ሰባት ዓመት የሚለው ቁጥር ያታልላል። ዶሴው በአብዛኛው የሚገባው በስድስተኛው ዓመት መጀመሪያ ነው፤ ሥራውን ለሚመዝኑ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች፣ ማለትም ለውጭ ገምጋሚዎች፣ የሚላከውም በዚያው ሰሞን ወይም ቀደም ብሎ በበጋው ነው። ስለዚህ የሚቆጠር ጽሑፍ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ታትሞ፣ ቢያንስ ደግሞ ለኅትመት ተቀባይነት አግኝቶ መገኘት አለበት። ጽሑፉ ለአቻ ገምጋሚዎች ቀርቦ፣ ታርሞና ተመልሶ እስኪታተም ከአንድ ዓመት በላይ መውሰዱ የተለመደ ነው፤ የመጀመሪያው ጆርናል ካልተቀበለው ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህ ሲደመር ረቂቁ በአራተኛው ዓመት አጋማሽ መላክ፣ መረጃው በሦስተኛው ዓመት መሰብሰብ፣ በሰዎች ላይ የሚደረግን ጥናት የሚፈቅደው የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ውሳኔም በሁለተኛው ዓመት መገኘት ይኖርበታል ማለት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሥራን በመልመድ ስለሚያልፍ፣ ጥናት ነድፎ፣ አካሂዶና ጽፎ ለመላክ የሚቀረው ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ብቻ ነው።

ብዙ ቤተ መጻሕፍት ድጋፋቸውን የሚያስቡት ከሦስተኛው ዓመት ግምገማ በኋላ፣ ኮሚቴው "የኅትመት ሥራው አነስተኛ ነው" ብሎ ሲጽፍ ነው። ያን ጊዜ የሚሰጥ ድጋፍ ጠቃሚ ቢሆንም ሊያግዝ የሚችለው የተጀመረን ጥናት ነው፤ ያልተጀመረን ጥናት ከዚያ ተነስቶ በጊዜው ማድረስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ጊዜ፦ ሳምንታዊ ሰዓት፣ የተያያዙ ሳምንታት ወይስ ተስፋ ብቻ?

የጊዜ ድጋፍ በሦስት መልክ ይሰጣል። የመጀመሪያው በሥራ ዝርዝሩ ላይ "ከሥራ ጊዜው 10 በመቶው ለምርምር" ተብሎ የሚጻፈው ነው። በ40 ሰዓት ሳምንት ሲሰላ አራት ሰዓት፣ በዓመት 48 የሥራ ሳምንታት ቢቆጠሩ ደግሞ 192 ሰዓት፣ ማለትም 24 ሙሉ የሥራ ቀናት ይሆናል። ይህ በእውነት ከተሰጠ ትንሽ አይደለም፤ ጥያቄው ያለው "በእውነት" በሚለው ቃል ላይ ነው።

የአንዲት ባልደረባዬን የጋራ የቀን መቁጠሪያ አስታውሳለሁ። ዘወትር ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ያለው ቦታ በአረንጓዴ ቀለም ተሞልቶ "ምርምር" ተብሎ ተጽፎበት ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ከነበሩት አራት ዓርቦች የመጀመሪያው አስተማሪ ለጠፋበት የጀማሪ ተማሪዎች ክፍል ሄደ፤ ሁለተኛው አንድ የመረጃ ቋት አቅራቢ ለሚያሳየው ማብራሪያ፤ ሦስተኛው ለቅጥር ኮሚቴ ቃለ መጠይቅ። አራተኛውን ዓርብ አገኘችው፤ ከአራቱ ሰዓት ሁለቱን ግን ያጠፋችው ከአምስት ሳምንት በፊት ያቆመችበትን ቦታ ለማግኘትና ኮድ የሰጠቻቸውን ቃለ መጠይቆች እንደገና ለማንበብ ነበር። በዚያ ወር ከ16 ሰዓት የሠራችበት ሁለቱን ነው። ማንም አልከለከላትም፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ እርሷም "አይሆንም" የምትልበት ሥልጣን አልነበራትም።

ነገሩን የለወጠው ትንሽ የሚመስል እርምጃ ነው። ከአረንጓዴው ሣጥን ጎን የተተኪው ሰው ስም ተጻፈ፤ ዓርብ ጠዋት የሚመጣ ማንኛውም ጥያቄ በቀጥታ ወደዚያ ሰው እንዲሄድ የክፍሉ ኃላፊ ለሁሉም በጽሑፍ አሳወቀ፤ እርሷም በምላሹ ረቡዕ ጠዋት የተተኪዋን ሥራ ትሸፍን ነበር። ሁለቱም በቴኑር መንገድ ላይ ስለነበሩ ልውውጡ ለሁለቱም ጠቀመ፣ ቤተ መጻሕፍቱም አንድ ሳንቲም አላወጣም። በሌላ በኩል "ሥራው በፈቀደ መጠን" የሚል ሐረግ ያለበት የጊዜ ድጋፍ ድጋፍ ተብሎ ባይቆጠር ይሻላል፤ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሥራ በሴሚስተሩ መካከል ፈቅዶ አያውቅም።

ሁለተኛው መልክ የተያያዙ ሳምንታት ፈቃድ ነው። ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ሴሚስተር ሊደርስ ይችላል። ሙሉ የሳባቲካል ፈቃድ (ከመደበኛ ሥራ ነፃ ሆኖ ለምርምር የሚወሰድ ረጅም ፈቃድ) በአብዛኛው ከቴኑር በኋላ የሚገኝ በመሆኑ፣ ከውሳኔው በፊት የሚሰጥ አጭር የምርምር ፈቃድ ያላቸው ቤተ መጻሕፍት ለባለሙያዎቻቸው ትልቅ ነገር አድርገዋል። ሳምንታዊውን ሰዓትና የተያያዘውን ፈቃድ ሳነጻጽር፣ ሁለቱ ለተለያየ ሥራ የተመቹ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ጽሑፎችን ለማንበብ፣ ለሥነ ምግባር ቦርዱ ማመልከቻ ለመሙላት፣ ተሳታፊዎችን ለመጥራትና የገምጋሚዎችን አስተያየት አንድ በአንድ ለመመለስ በሳምንት አራት ሰዓት ይበቃል። መረጃን ለመተንተንና የመጀመሪያውን ረቂቅ ለመጻፍ ግን አሳቡ ሳይቋረጥ መቆየት ስላለበት፣ የተያያዙ ሦስት ሳምንታት ከተበታተነ የአንድ ዓመት ዓርብ ይበልጣሉ። ስለዚህ ፈቃዱ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ፣ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ወይም በአራተኛው መጀመሪያ ቢሰጥ እመርጣለሁ። ገና ጥያቄውን ያልቀረጸ ሰው ስድስት ሳምንት ቢሰጠው አብዛኛውን በንባብ ይጨርሰዋል፤ ፈቃዱም ለሁለተኛ ጊዜ አይገኝም።

ሦስተኛው መልክ በማታና በቅዳሜ እንዲሠራ በዝምታ መተው ነው። ይህን ያነሳሁት ብዙ ቦታ በተግባር ያለው እርሱ ስለሆነ ነው። ልጆች ያሉትን፣ ወላጅ የሚያስታምመውንና ሁለተኛ ሥራ የሚሠራውን ለይቶ ይጎዳል፤ ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ ግን ጉዳቱ የሚታየው "ምርታማነቱ አነስተኛ ነው" በሚል ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ገንዘብ

የውስጥ የምርምር ገንዘብ ጥቅሙ ግልጽ፣ ወሰኑም ግልጽ ነው። የቃለ መጠይቅ ቅጂን ወደ ጽሑፍ ለማስቀየር፣ ለተሳታፊዎች አነስተኛ የስጦታ ካርድ ለመስጠት፣ ለተማሪ ረዳት በሰዓት ለመክፈልና ወደ ጉባኤ ለመሄድ ይውላል። ከእነዚህ ውስጥ ለተማሪ ረዳት የሚከፈለው ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል እላለሁ፤ ገንዘቡን ወደ ጊዜ የሚለውጠው እርሱ ብቻ ነውና። ለጉባኤ ጉዞ የሚሰጠው በተቃራኒው ብዙ ጊዜ ያለ ልክ ይገመታል፤ በጉባኤ የቀረበ ጥናት ወደ ጽሑፍ ካልተለወጠ በብዙ ኮሚቴዎች ዘንድ ክብደቱ ትንሽ ነው።

የኅትመት ክፍያን በተመለከተ አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። በ1939 የተመሠረተውና ከ2011 ጀምሮ ለሁሉም አንባቢ ክፍት የሆነው የኮሌጅና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ጆርናል፣ እንዲሁም ከ2006 ጀምሮ በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው በማስረጃ ላይ ስለተመሠረተ የቤተ መጻሕፍት ሥራ የሚወጣው ጆርናል፣ ከጸሐፊው ገንዘብ አይጠይቁም። በሙያው ውስጥ ክፍያ የማይጠይቁ የታወቁ ጆርናሎች እያሉ የድጋፉን ትልቅ ክፍል ለኅትመት ክፍያ መመደብ አያስፈልግም።

ሌላው ችግር የበጀት ዓመቱ ነው። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የበጀት ዓመቱ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ላይ ይዘጋል። በየካቲት የተፈቀደ ገንዘብ እስከዚያ ቀን መውጣት ካለበት፣ የሥነ ምግባር ቦርዱን ውሳኔ ገና የሚጠብቅ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም። ገንዘቡ ወደሚቀጥለው ዓመት እንዲተላለፍ ማድረግ ካልተቻለ፣ ማመልከቻው በመከር ወራት ተቀብሎ እስከ ኅዳር ቢወሰን ይሻላል።

የምርምር ዘዴ ሥልጠና ወይስ የዘዴ አማካሪ?

በ2012 የታተመ አንድ ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የምርምር ደረጃዎችን ለመወጣት ያላቸው በራስ የመተማመን ስሜት ምርምር ከማድረጋቸው ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ በኋላ በ2014 በሎስ አንጀለስ በሎዮላ ሜሪማውንት ዩኒቨርሲቲ፣ በፌዴራሉ የሙዚየምና የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ተቋም ድጋፍ፣ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የምርምር ንድፍ ሥልጠና ተጀመረ። የካናዳ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማኅበርም ተመሳሳይ የሥልጠና ተቋም በ2012 ከፍቷል። የሎዮላውን ሥልጠና የተለየ ያደረገው ተሳታፊው የራሱን የጥናት ሐሳብ ይዞ መምጣቱና ከበጋው ሥልጠና በኋላ ጥናቱን ሲያካሂድ ለአንድ ዓመት የሚቀጥል ድጋፍ ማግኘቱ ነው። ሥልጠና ሲመረጥ የምጠይቀው መጀመሪያ ይህንኑ ነው፦ ሰውየው የራሱን ጥናት ይዞ ይገባል ወይ? ከሥልጠናው በኋላስ የሚከታተለው ሰው አለ ወይ? ሁለቱም ከሌሉ፣ ሥልጠናው ጥሩ እውቀት ቢሰጥም ጽሑፍ አያወጣም።

የዘዴ አማካሪ፣ ለምሳሌ በዩኒቨርሲቲው ያለ የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ ከሥልጠና ይልቅ ርካሽና ፈጣን ነው፤ የሚያግዘው ግን ጥያቄውን ለይቶ ለመጣ ሰው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በጊዜ መምጣት አለበት። አንድ ጊዜ ለምክር የቀረበልኝን 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ሳነብ፣ ሲሶ ያህሉ ሁለት ጉዳዮችን በአንድ የሚጠይቅ ነበር፦ "የቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ግልጽና ፈጣን ነው?" የሚል ዓይነት። "አይደለም" ብሎ የመለሰ ተማሪ ግልጽነቱን ይሁን ፍጥነቱን እንደነቀፈ ማንም ሊለይ አይችልም። ሌሎቹ ጥያቄዎች ደግሞ "ብዙ ጊዜ" እና "አልፎ አልፎ" የሚሉ ምርጫዎች ነበሯቸው፤ በሳምንት ይሁን በሴሚስተር አልተገለጸም። መጠይቁ ከመቶዎች መልስ ተሰብስቦበት ነበር። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ያን መረጃ ሊጠግነው አልቻለም፤ መጠይቁ ከመላኩ በፊት በነበረ የአንድ ሰዓት ውይይት ግን ሙሉ በሙሉ ይስተካከል ነበር። እንዲህ ያለ ድካም ሲባክን ማየት ያሳዝናል።

የሥነ ምግባር ቦርዱም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ምርምር የሚለው፣ ለሌላውም ሊያገለግል የሚችል እውቀት ለማስገኘት ታስቦ የሚደረግን ስልታዊ ምርመራ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ አገልግሎቱን ለማሻሻል ብቻ የሚሰበስበው መረጃ ብዙ ጊዜ ከዚህ ውጭ ይሆናል፤ ባለሙያው ከዓመት በኋላ "ይህን ላሳትመው" ሲል ግን ቦርዱ ወደ ኋላ ሄዶ ፈቃድ አይሰጥም። ስለዚህ የቦርዱን አሠራር የሚያውቅ አንድ ሰው በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መኖሩና ማንኛውም የተጠቃሚ መጠይቅ ከመውጣቱ በፊት እርሱ ማየቱ፣ ወጪ የሌለው ግን ጥናቶችን ከመሞት የሚያድን ድጋፍ ነው። ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው ዓመት ባለሙያ ሥልጠናን፣ ከዚያ በላይ ላለው የዘዴ አማካሪን እመርጣለሁ።

አማካሪ ወይስ የጽሑፍ ቡድን?

የተመደበ አማካሪ የሚሰጠው ትልቁ ነገር በጽሑፍ የማይገኝ እውቀት ነው፦ ይህ ኮሚቴ የመጽሐፍ ምዕራፍን ከጆርናል ጽሑፍ እኩል ያየዋል ወይ? የውጭ ገምጋሚዎችን ማን ይመርጣል? የትኛው ጆርናል ቶሎ ይመልሳል? ድክመቱ ከምደባው ይመጣል። አማካሪው በቴኑሩ ላይ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ከሆነ፣ ወጣቱ ባለሙያ ያልተጠናቀቀና ያልተሳካ ሥራውን አያሳየውም፤ በጣም እርዳታ የሚፈልገው ደግሞ ለዚያ ሥራ ነው። ስለዚህ ድምፅ የማይሰጥ፣ ከሌላ ክፍል ወይም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ አማካሪ ይሻላል። የውስጡን የኮሚቴ አሠራር የሚያስረዳ ሌላ ሰው ለብቻው መመደብ ይቻላል።

የጽሑፍ ቡድን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አብሮ በዝምታ የመጻፍ ቡድን ሲሆን፣ ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ለሁለት ሰዓት የየራሳቸውን ይጽፋሉ። ሌላው የንባብ ቡድን ነው፤ በየጊዜው አንድ ሰው ጥቂት ገጽ ይልካል፣ ሌሎቹ አንብበው አስተያየት ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ጊዜውን የሚያስከብርለት ሰው ላጣ ይጠቅማል፤ ሁለተኛው ረቂቅ ላለው። ከአምስት ሰው በላይ ሲሆን ተራው በጣም ስለሚዘገይ የንባብ ቡድኑ ይዳከማል። መረጃ ያልሰበሰበን ሰው ወደ ንባብ ቡድን ማስገባት ግን ጥቅም የለውም፤ ለሦስት ወር የሌሎችን ያነባል፣ በአራተኛው ወር ይቀራል።

ተረስቶ የቆየ ድጋፍ፦ የጸሐፊነት መብት

ይህን ክፍል ለብቻው ያወጣሁት በእኔ ግምት ብዙ ባለሙያዎች ሠርተው ሳይቆጠርላቸው የቀረ ጽሑፍ ያለው እዚህ ስለሆነ ነው። በጤና ሳይንስ ዘርፍ የሚሠሩ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ለስልታዊ የጥናት ግምገማዎች (በአንድ ጥያቄ ላይ የታተሙ ጥናቶችን ፈልገው ለሚያጠቃልሉ ሥራዎች) የፍለጋ ስልት ይነድፋሉ፤ በተለያዩ የመረጃ ቋቶች ያካሂዱታል፣ የተደጋገሙትን ያጣራሉ፣ የዘዴውን ክፍልም ይጽፋሉ። የአሜሪካ የሕክምና ተቋም በ2011 ያወጣው መለኪያ፣ ግምገማው ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ወይም ከሌላ የመረጃ ባለሙያ ጋር እንዲሠራ ይመክራል፤ በ2021 የወጣው የፍለጋ ሪፖርት መመሪያም ፍለጋው በዝርዝር እንዲገለጽ ይጠይቃል። ሆኖም ይህ ሁሉ ሥራ ብዙ ጊዜ በምስጋና ክፍል ውስጥ በአንድ መስመር ያልፋል።

የዓለም አቀፍ የሕክምና ጆርናሎች አርታኢዎች ኮሚቴ ለጸሐፊነት አራት መስፈርቶች አሉት፦ በጥናቱ ንድፍ ወይም በመረጃው ላይ ከፍተኛ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። ፍለጋውን የነደፈና የዘዴውን ክፍል የጻፈ ባለሙያ ቀሪዎቹን ሁለት ለማሟላት ዕድል ከተሰጠው ጸሐፊ ነው። ኃላፊው ማድረግ ያለበት፣ ከተወሰነ ደረጃ በላይ የሆነ የፍለጋ አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት ጸሐፊነቱ በጽሑፍ ስምምነት እንዲሠፍር የሚያዝ መመሪያ ማውጣት ነው። ወጣቱ ባለሙያ በራሱ አንደበት ከታወቀ ፕሮፌሰር ጋር እንዲከራከር መተው ትክክል አይደለም፤ መመሪያው ግን ስለ እርሱ ይናገርለታል።

ይህን አማራጭ ለብቻ ከሚሠራ ጥናት ጋር ሳነጻጽረው፣ ቶሎ የሚታተም ስም ያስገኛል፤ በአንዳንድ ኮሚቴዎች ዘንድ ግን የብዙ ጸሐፊዎች ሥራ ክብደቱ ይቀንሳል። ያን ለመቋቋም 14 የአስተዋጽኦ ዓይነቶችን የሚዘረዝረውንና በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ መለኪያ የሆነውን የክሬዲት ምድብ በዶሴው ውስጥ መጠቀም ይቻላል። በእርሱ መሠረት "ዘዴውን የነደፈው፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈው" ተብሎ በግልጽ ይጻፋል። በዶሴው ቢያንስ አንድ በቀዳሚ ጸሐፊነት የተሠራ ጥናት እንዲኖር አጥብቄ እመክራለሁ።

ወጪ የማይጠይቁ ሁለት ነገሮች

መስፈርቱን በጽሑፍ፣ በቅጥሩ ሰሞን መስጠትና በውሳኔው ጊዜ ያንኑ መጠቀም ነፃ ድጋፍ ነው። የሙከራ ጊዜውን ቆጠራ ማቆም፣ ለምሳሌ በወሊድ፣ በሕመም ወይም በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እንዳደረጉት አንድ ዓመት መጨመር፣ ጠቃሚነቱ የሚወሰነው ለውጭ ገምጋሚዎች በሚላከው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው "የተጨመረው ዓመት ተጨማሪ ሥራ የሚጠበቅበት አይደለም" ካላለ፣ ገምጋሚው ሰባት ዓመት ቆጥሮ የሰባት ዓመት ሥራ ይፈልጋል።

አንድ ብቻ መምረጥ ቢቻል

ለመጀመሪያ ዓመት ባለሙያ አንድ ድጋፍ ብቻ መስጠት የሚችል ቤተ መጻሕፍት ተተኪ የተጻፈበት ሳምንታዊ ግማሽ ቀን ይስጥ። ሁለት ከቻለ በሁለተኛው ዓመት በጋ የምርምር ዘዴ ሥልጠና ይጨምር። መረጃው ተሰብስቦ የተቀመጠበት የሦስተኛ ዓመት ባለሙያ ሥልጠና አያስፈልገውም፤ ሦስት ወይም አራት የተያያዙ ሳምንታት ይሰጡት፣ ሲመለስም ወደ ንባብ ቡድን ይግባ። በአራተኛው ዓመት ጽሑፉ ውድቅ የተደረገበት ሰው የሚያስፈልገው የገምጋሚዎቹን አስተያየት አብሮት አንብቦ ቀጣዩን ጆርናል በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚያስመርጠው አማካሪ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ብቻውን ሲተው ጽሑፉን ለወራት ሳይከፍተው እንደሚቆይ ደጋግሜ አይቻለሁ። ምንም ያልጀመረ የአራተኛ ዓመት ባለሙያ ካለ ደግሞ፣ ቶሎ ሊደርስ የሚችለው መንገድ እየተካሄደ ወዳለ የቡድን ጥናት መግባት ወይም ቤተ መጻሕፍቱ በእጁ ባለው፣ ሰዎችን መጠየቅ በማይፈልግ የክምችት ወይም የካታሎግ መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት ነው፤ ይህንንም በግልጽ ሊነግረው የሚገባው ኃላፊው ነው።

የትኛውም ቢመረጥ ስምምነቱ በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቀን፣ ሥራውን የሚረከበው ማን፣ ሰዓቱ ሲወሰድ በየትኛው ሳምንት ይተካል፣ ባለሙያው እስከ መቼ ምን ያደርሳል። ኃላፊውና ባለሙያው ይፈርሙበት፤ በየዓመቱ በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ይታደስ። የተወሰዱት ሰዓታት በዚያው ገጽ ጀርባ ይመዝገቡ። ገጹ በሦስተኛው ዓመት ግምገማ ዶሴ ውስጥ ሲገባ፣ ኮሚቴው የታተሙትን ጽሑፎች በተግባር ከተሰጠው ሰዓት ጎን አድርጎ ማንበብ ይችላል።